ማግኔት ፒክአፕ ለተገጠመለት ቦክስ ጊታር የሚሆነው የትኛው ክር ነው?

ጥያቄሽን ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። ስቲል ክር ያለው ቦክስ ጊታር አለሽ። ማታ ማታ ሆቴል ትጫወቺበታለሽ፣ ቀን ቤትሽ ታስተምሪበታለሽ። የድምፅ ቀዳዳው ላይ ስድስት ብሎኖች ያሉት፣ ባትሪ የማይፈልግ ማግኔት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ለአምፕ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) አስገጥመሻል። የተወጠረበት ክር 12–53 ነሐስ ነው፤ ይህም ቀጭኑ አንደኛ ክር 0.012 ኢንች፣ ወፍራሙ ስድስተኛ 0.053 ኢንች ነው ማለት ነው። ያለ አምፕ ስትመቺው ስድስቱም ክሮች እኩል ይሰማሉ፤ አምፕ ላይ ስትሰኪው ግን ሁለተኛው ክር ከሁሉም በላይ ይጮሃል፣ ወፍራሞቹ ይሰምጣሉ። ክር የሚሸጥልሽ ሰው «የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ግጠሚበት፣ 9–42 ይበቃዋል» አለሽ። ልስማው ወይ ነው የምትይኝ።

9–42ውን አትግጠሚ። ሰውየው ግን ያለ ምክንያት አልተናገረም። ጥምጥሙ በኒኬል የተለበጠ ስቲል የሆነ ክር የወፍራሞቹን መስመጥ በእርግጥ ያቃልልልሻል። ምክሩ የሚበላሸው ውፍረቱና ሦስተኛው ክር ላይ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ውፍረቱ አሁን ካለሽ ብዙ የማይርቅ፣ ሦስተኛው ክር የተጠመጠመ፣ ጥምጥሙንም ማግኔት የሚስበው ክር ነው። እሱን ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ በአንዲት ትንሽ ካቻቢቴ የሚስተካከል ነገር አለ። ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ሱቅ ቆመሽ ራስሽ እንድትወስኚ ስለምፈልግ ረዘም ይላል።

ፒክአፑ ውስጥ ማግኔትና በዙሪያው ብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይደርስ የመዳብ ሽቦ አለ። ማግኔቱ ከበላዩ የሚያልፈውን የክር ክፍል በተራው ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲርገበገብ ጥቅሉን አቋርጦ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ይለዋወጣል፤ መስኩ ሲለዋወጥ ሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ፒክአፑ የአየሩን እንቅስቃሴ አይሰማም፤ የጊታርሽ ፊት እንጨት የሚያወጣውንም ድምፅ በቀጥታ አይሰማም። የሚሰማው ማግኔት የሚስበው ብረት ሲንቀሳቀስ ነው፦ ስቲል፣ ኒኬልና የእነሱ ድብልቅ። መዳብ፣ ናስና ነሐስ ለእሱ እንደሌሉ ናቸው።

አሁን ክሮችሽን ተመልከቻቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ምንም ያልተጠመጠመባቸው የስቲል ሽቦዎች ናቸው። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ግን ውስጣቸው ቀጭን የስቲል ሽቦ፣ ላያቸው ጥምጥም ነው። ለቦክስ ጊታር የተለመደው ጥምጥም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 80/20 የሚባለው፣ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ዚንክ የሆነው ነው። ሌላው የክር አምራቹ ዳዳሪዮ እ.ኤ.አ. በ1974 ለጊታር ያመጣው ፎስፈር ብሮንዝ ነው፤ 92 በመቶ ያህሉ መዳብ፣ ቀሪው ቲንና ጥቂት ፎስፈረስ። በጆሮ ስትሰሚያቸው 80/20 ፈካ ይላል፣ ፎስፈር ብሮንዝ ሞቅ ይላል። ለፒክአፑ ግን ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም መዳብ ናቸው። ጥምጥሙ ለክሩ ክብደት ይሰጠዋል፣ በዚያም ክሩ ወደ ታችኛው ድምፅ ይወርዳል፤ ማግኔቱ የሚያገኘው ግን ውስጥ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው።

ይህ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ12–53 ውስጥ ሁለተኛው ክር 0.016 ኢንች ነው፤ 0.41 ሚሊሜትር ያህል፣ ዳር እስከ ዳር ስቲል። ሦስተኛው ማሸጊያው ላይ 0.024 ተብሎ ይጻፍ እንጂ ውስጠኛው ሽቦ ከሁለተኛው ክር ይቀጥናል። 0.014 ነው ብንል እንኳ፣ ማግኔቱ ዘንድ የሚቆጠረው ሽቦው ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋት ስለሆነ፣ ሁለተኛው ክር ከሦስተኛው በ30 በመቶ ገደማ የበለጠ ብረት ያቀርባል። በዚህ ላይ ቮልቴጁን የሚወስነው የክሩ ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 247 ጊዜ ይርገበገባል፣ ስድስተኛው 82 ጊዜ። ስድስተኛው ሰፋ አድርጎ በመወዛወዝ የተወሰነውን ያካክሳል፤ ግዙፍ መስሎ የሚታየው አካሉ ግን አብዛኛው ነሐስ ስለሆነ ፒክአፑ ላይ አይቆጠርለትም። ወፍራሞቹ የሚሰምጡብሽ በዚህ ነው።

አንደኛው ክርስ ስቲል አይደለም ወይ ትይኝ ይሆናል። ነው፤ ግን 0.012 ብቻ ነው፣ ስፋቱ ከሁለተኛው በግማሽ ገደማ ያነሰ። ለዚህ ነው ከስድስቱ መካከል ሁለተኛው ብቻ ተነጥሎ የሚወጣው።

የእኛን ቅኝቶች ለሚጫወት ሰው ነገሩ ይብሳል። ኮርድ ብቻ ለሚመታ ሰው የሁለተኛው ክር ጩኸት በሌሎቹ መካከል ይሸፈናል። እኛ ግን ዜማውን አንድ በአንድ እየነቀስን ነው የምንሄደው። ትዝታ ሜጀርን በጂ ውሰጂ፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። የጊታር ስድስቱም ባዶ ክሮች፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ፣ በሙሉ የዚህ ቅኝት ድምፆች ናቸው፤ ብዙ ሰው በጂ መጫወት የሚወደውም ባዶዎቹ ክሮች አብረው ስለሚያስተጋቡለት ነው። ዜማው ሲወጣ ጂ ሦስተኛው ክር ባዶውን ነው፣ ኤ እዚያው ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱን የሚያቋርጠው የብረት መስመር) ላይ፣ ቢ ሁለተኛው ክር ባዶውን። ሦስት ተከታታይ ድምፆች ናቸው፤ ሁለቱ ለስለስ ብለው መጥተው ሦስተኛው ዘሎ ይወጣል። ያውም ልታለዝቢው በምትፈልጊበት ቦታ።

ጥፋቱ የፒክአፑ እንጂ የእጅሽ አለመሆኑን እንዲህ አረጋግጪ። ሦስተኛው ክር አራተኛው ፍሬት ላይ ያለው ድምፅና ሁለተኛው ክር ባዶው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቢ። አምፑን ነቅለሽ አንዱን ከሌላው እያፈራረቅሽ በእኩል ጉልበት ምቺ። ከዚያ አምፑን ሰክተሽ ድገሚው። ያለ አምፕ ተቀራራቢ ሆኖ በአምፕ ከተራራቀ ልዩነቱ የመጣው ከፒክአፑ ነው። ይህን ሙከራ አትርሺው፤ ኋላ ብሎን ስታስተካክዪም ሆነ አዲስ ክር ስትገጥሚ የምትመዝኚው በእሱ ነው።

ሳውንድማኑ ሚክሰሩ ላይ ያስተካክለው የሚሉም አሉ። አይችልም። 247 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቢቀንስ ሁለተኛውን ክር ብቻ አይቀንስም፤ ሦስተኛውና አራተኛው ክር ላይ በዚያው ከፍታ የምትጫወቻቸውን ድምፆች፣ የወፍራሞቹንም ሙቀት አብሮ ያነሳብሻል። የክርና የፒክአፕ አለመመጣጠን መስተካከል ያለበት እዚያው ጊታሩ ላይ ነው።

ወደ ሻጩ ምክር ልመለስ። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ጥምጥሙ አብዛኛውን ጊዜ በኒኬል የተለበጠ ስቲል ነው። ውስጡም ላዩም ማግኔት የሚስበው ስለሆነ ወፍራሞቹ ክሮች ለፒክአፑ ሙሉ አካላቸውን ያቀርባሉ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። 9–42 ሲሆን ግን ሁለት ነገር ይበላሻል።

አንደኛው ውጥረቱ ነው። 12–53 ክር በመደበኛው ቅኝት ሲወጠር ጠቅላላ ኃይሉ ከ70 ኪሎ በላይ ነው፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ 9–42 ሲወጠር 40 ኪሎ ገደማ ነው። የቦክስ ጊታር ፊት እንጨት በዚያ በትልቁ ኃይል እንዲንቀሳቀስ ሆኖ የተሠራ ነው። ኃይሉ ሲጎድል ድምፁ ይመነምናል፣ ቀን ለምታስተምሪበት ጊታር ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። አንገቱም ወደ ኋላ ቀና ብሎ ክሮቹ ፍሬቶቹ ላይ መንጫጫት ይጀምራሉ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ፍሬቶች ላይ። ከዚያ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ ማላላት ይመጣል፤ ክር ለመቀየር ብለሽ ጊታሩን ሁሉ ልታስተካክዪ ነው።

ሁለተኛው ሦስተኛው ክር ነው። ተራ የኤሌክትሪክ ክር ስብስብ ውስጥ ሦስተኛው ያልተጠመጠመ ነው። 9–42 ላይ 0.016 ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ 0.011 ነው። ጩኸቱ ጠፋ ብለሽ ስትደሰቺ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ተዛውሮ ታገኚዋለሽ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የጊታር አምራቹ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወጣ የፒክአፑን ስድስት ማግኔቶች ከፍና ዝቅ አድርጎ ነበር የሠራቸው፤ በዚያ ዘመን ሦስተኛው ክር የተጠመጠመ ስለነበር ደካማነቱን ለማካካስ ከሥሩ ያለው ማግኔት ከፍ ተደረገ። ኋላ ተጫዋቾች ወደ ያልተጠመጠመው ሲያልፉ ያ ከፍ ያለ ማግኔት ሦስተኛውን ክር አለልክ የሚያስጮኽ ሆነ። ማግኔቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ክሩ ነው።

ለቦክስ ጊታር ያልተጠመጠመ ሦስተኛ ክር ሌላም ጣጣ አለው። ብሪጁ ላይ ያለው፣ ክሮቹ የሚያርፉበት አጥንት የተስተካከለው ለተጠመጠመ ሦስተኛ ነው። ያልተጠመጠመ ስትገጥሚ ባዶውን በትክክል ቃኝተሽው እንኳ ላይኛው ፍሬት ላይ ከፍ ብሎ ይሳሳታል። ኤሌክትሪክ ጊታር ብሪጁ ላይ በብሎን ታስተካክዪዋለሽ፣ ቦክስ ጊታር ላይ ያ የለም።

ታዲያ ምን ዓይነት ክር አለ? ዋነኛው አማራጭ በኒኬል የተለበጠ ስቲል፣ ሦስተኛው የተጠመጠመ፣ ውፍረቱ ከ11 ወይም ከ12 የሚጀምር ነው። እነዚህን የሚሠሯቸው በዋናነት ለጃዝ ተጫዋቾች ስለሆነ ማሸጊያው ላይ «ጃዝ» ተብሎ ታገኛቸዋለሽ። የዳዳሪዮ ኢጄ 21 ለምሳሌ 12–52 ነው፤ ሦስተኛው 0.024 የተጠመጠመ። ካለሽ 12–53 ጋር ስለሚቀራረብ አንገቱም ብሪጁም ብዙ አይናጉም። ቀለል እንዲልሽ ከፈለግሽ የዚያው ኩባንያ ኢኤክስኤል 115 ደብልዩ 11–49 ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ሦስተኛው የተጠመጠመ መሆኑን ታመለክታለች። ፊደሏ የሌለችበት 115 ሦስተኛው ያልተጠመጠመ ስለሆነ ማሸጊያውን አስተውለሽ አንብቢ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚልክልሽ ዘመድ ካለ ቁጥሩን ከነፊደሉ ጻፊለት፤ «የጊታር ክር» ብለሽ ብቻ ካዘዝሽው 9–42 ይዞልሽ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው።

የዚህ ክር ዋጋ የሚከፈለው ያለ አምፕ ስትጫወቺ ነው። የነሐሱ ፍካት ይቀንሳል፣ ድምፁ ደረቅ ብሎ መሐል ላይ ይሰበሰባል። አንዳንዱ ሰው ይህን ይወደዋል። ዜማ አንድ በአንድ ለሚነቅስ ሰው ድምፁ ጥርት ስለሚል እኔም አልጠላውም። ኮርድ እየመታ ለሚዘፍን ሰው ግን ነሐሱ የሚሰጠው ብርሃን ይቀርበታል።

መሐል ላይ ለመቆም የተሠሩም አሉ። ጂኤችኤስ ዋይት ብሮንዝ በሚል ስም የሚሸጠው፣ ስሙ ነሐስ ቢልም ጥምጥሙ የኒኬልና የብረት ድብልቅ ነው፤ ፒክአፑ ያየዋል። ዲአር ዜብራ የሚባለው ደግሞ ሁለት ሽቦ አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ይጠመጥማል፣ አንዱ ፎስፈር ብሮንዝ፣ አንዱ በኒኬል የተለበጠ ስቲል፤ ክሩን ቀረብ ብለሽ ስታይው መስመር መስመር ነው። ቀን ያለ አምፕ፣ ማታ በአምፕ ለሚጫወት እንዳንቺ ላለ ሰው የታሰቡ ናቸው። ብታገኚያቸው መጀመሪያ እነሱን ሞክሪ እልሻለሁ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ማግኘቱ ግን ዕድል ይጠይቃል፣ ለዚህ ነው ምክሬን በጃዙ ክር ላይ ያቆምኩት።

ንጹሕ ኒኬል ጥምጥምም አለ። ኒኬል ማግኔት ይስበዋል፣ ከስቲል ግን ደከም ይላል፤ ለሁለተኛው ክር ችግር ከነሐስ ይሻላል፣ ከተለበጠው ስቲል ያንሳል። ሞኔል የሚባለው፣ ሁለት ሦስተኛው ኒኬል ቀሪው በአብዛኛው መዳብ የሆነው፣ ያለ አምፕ በጣም ደስ የሚል የድሮ ድምፅ አለው፤ የማግኔት ስበቱ ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ብለሽ አትግዢው። እንደ ኤሊክሰር ያሉት ላያቸው በስስ ሽፋን የተለበጡ ክሮች ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ሽፋኑ ለማግኔቱ ምንም አይለውጥም፣ ወሳኙ ከሽፋኑ ሥር ያለው ጥምጥም ነው።

በቀለም አትግዢ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ ፒያሳም ሆነ መርካቶ ክር ከማሸጊያው ወጥቶ በነጠላ ሲሸጥ ስለማይ ነው። ወርቃማና ቀላ ያለው ነሐስ መሆኑን መገመት ይቻላል። ብርማ የሆነው ግን ሁሉ ስቲል አይደለም። «ሲልክ ኤንድ ስቲል» የሚባለው ለስላሳ ክር ጥምጥሙ በብር የተለበጠ መዳብ ነው፣ ውስጡም ሐር ወይም ናይለን ስለተጨመረበት የስቲሉ ሽቦ ቀጭን ነው፤ ፒክአፕሽ ላይ ከነሐሱም ሊብስ ይችላል። የዳዳሪዮ ኒኬል ብሮንዝም ብርማ ነው፤ ሥሩ ግን ፎስፈር ብሮንዝ ሆኖ ላዩ ላይ ስስ የኒኬል ልባጥ ያለው ነው። የናይለን ጊታር ወፍራም ክሮችማ ብርማ ይምሰሉ እንጂ ውስጣቸው ናይለን ስለሆነ ማግኔት ፒክአፕ ላይ ድምፅ የላቸውም።

የሚያዋጣው መፈተኛ ትንሽ ማግኔት ነው። ክሩን እንዳለ ብታስጠጊው ውስጠኛው ስቲል ስለሚሳብ አያስረዳሽም። ክር ስትገጥሚ ከመቃኛው ወጥቶ የሚቆረጠውን ትርፍ ያዢና ጥምጥሙን በፒንሳ ትንሽ ተርትሪው። የተተረተረውን ጥምጥም ለብቻው ማግኔቱ አጠገብ አድርጊ። ከተሳበ ፒክአፕሽ ያየዋል፣ ካልተሳበ አያየውም። ዛሬ ጊታርሽ ላይ ካለው ነሐስ ቁራጭ ጀምሪ፤ ልዩነቱን አንዴ ካየሽ ማንም አያሞኝሽም።

ክራር ላይ ይህንኑ ፒክአፕ መግጠም ለሚያስቡም በዚሁ ልናገር። ክራሩ ናይለን ወይም ጅማት ከተወጠረበት ማግኔት ፒክአፕ ዝም ይላል። ወይ ክሩ ወደ ስቲል መለወጥ አለበት፣ ወይ ደግሞ የእንጨቱንና የቆዳውን ንዝረት የሚያነሳ ፒየዞ መገጠም አለበት።

አሁን ካቻቢቴዋ። ክር ለመግዛት ከመውጣትሽ በፊት ይህን ሞክሪ፤ ነሐስሽን ሳትለውጪ ሊበቃሽ ይችላል። መጀመሪያ የፒክአፑን ከፍታ እዪ። አንደኛውንና ስድስተኛውን ክር መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነሽ በክሩና በፒክአፑ ብሎን መካከል ያለውን ርቀት ለኪ። በስድስተኛው በኩል 3 ሚሊሜትር፣ በአንደኛው በኩል 2 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ወፍራሞቹ ስለሰመጡብሽ በእነሱ በኩል ማቅረብ፣ በቀጭኖቹ በኩል ማራቅ ትችያለሽ፤ ፒክአፑ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ቁራጭ ቡሽ ወይም ቆዳ ብታደርጊ ያዘነብላል። በጣም አታቅርቢው። ማግኔቱ ክሩን ራሱን መሳብ ከጀመረ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ቅኝቱ የተዛባ ይመስልሻል፣ ያን ጊዜ ጥፋቱን መቃኛው ላይ ስትፈልጊ ትውያለሽ።

ከዚያ ብሎኖቹ። አምፑን ባስም ትሪብልም ሳትጨምሪ መሐል ላይ አድርጊው። የጊታሩ የራሱ ድምፅ እንዳያሳስትሽ በሄድፎን ስሚ፣ ወይም ሌላ ሰው እየመታልሽ አንቺ አምፑ አጠገብ ቁሚ። የሁለተኛውን ክር ብሎን በሩብ ዙር እየቆጠርሽ ወደ ታች አውርጂ፣ በየሩቡ ያቺን የቢ ሙከራ አድርጊ። ካቻቢቴው ጫፍ በማግኔቱ እየተሳበ ሊያመልጥሽ ስለሚችል በሌላኛው እጅሽ ጣት ደግፊው፤ ጥቅሉን ከወጋው ያ ፀጉር የሚያክል ሽቦ ተበጥሶ ፒክአፑ ያልቃል። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ወርዶም ጩኸቱ ካልበቃለት ጨርሶ አውጪው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ፒክአፑን አይጎዳውም፤ ብሎኑን ብቻ እንዳይጠፋ አስቀምጪው። የሦስተኛውንና የስድስተኛውን ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርጊ።

አንዳንድ ፒክአፕ በስድስት ብሎን ፋንታ አንድ ረጅም ብረት ነው ያለው፤ የዚያ ባለቤት ማዘንበል እንጂ ክር በክር ማስተካከል አይችልም፣ ለእሱ ክር መለወጡ ግድ ይላል። ለቦክስ ጊታር ተብለው ከሚሠሩት ዘመናዊ ፒክአፖች ብዙዎቹ ደግሞ ከፋብሪካው ለነሐስ ክር ተመጥነው፣ የሁለተኛው ክር ቦታ ደከም ተደርጎ ይወጣሉ። እንዲህ ባለው ላይ የኒኬል ክር ከተገጠመ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን ያጋድላል፣ ወፍራሞቹ ያጓራሉ። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው የራሱን ፒክአፕ ሳያውቅ ያንቺን መልስ ባይወስድ ይሻላል።

ውፍረትን በነጠላ መቀየርም ይቻላል። ነሐሱን ትተሽ ሁለተኛውን ብቻ ከ0.016 ወደ 0.015 ወይም ወደ 0.014 ብታወርጂው የብረቱ ስፋት በ12 ወይም በ23 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ነጠላ ስቲል ሽቦ ለኤሌክትሪክም ለቦክስም አንድ ስለሆነ የትኛውም ሱቅ የሚሸጠው ያገለግላል። እጅሽ ላላ ማለቱን ያውቀዋል፣ ግን ትለምጂዋለሽ። አሮጌ ክሮች መሐል አንድ አዲስ ሁለተኛ ክር ብቻ አትግጠሚ ግን። ላብና ዝገት ያደነዘዛቸው ወፍራሞች አጠገብ አዲሱ ይበልጥ ይጮሃል፣ ችግሩን ራስሽ ታባብሺዋለሽ።

ከክሩ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር፣ ጉምጉምታው ነው። አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሆቴል ውስጥ ትጫወቻለሽና ሳይገጥምሽ አይቀርም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ያንን ከመብራት መስመሩ፣ ከዲመሩ፣ ከአዳፕተሩ ያነሳዋል። ነሐስ ክር ለፒክአፑ የሚያቀርበው ብረት ጥቂት ስለሆነ አምፑን ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ጉምጉምታውም አብሮ ከፍ ይላል። ማግኔት የሚስበው ጥምጥም ስትገጥሚ ወፍራሞቹ ራሳቸው ስለሚበረቱ አምፑን ትቀንሻለሽ፣ ጉምጉምታውም ይቀንሳል። ሚክሰር ላይ ስትሰኪ ደግሞ በቀጥታ አትሰኪው፤ ባትሪ የሌለው ፒክአፕ 1 ሜጋ ኦም ገደማ መግቢያ ይፈልጋል። አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (የፒክአፑን ምልክት ተቀብሎ ለሚክሰሩ እንዲያመች አድርጎ የሚያስተላልፍ ሣጥን) በመሐል ካላደረግሽ ላይኛው ድምፅ ይታፈናል፣ አንቺም ክሩ አርጅቷል ብለሽ ሳያስፈልግ ትቀይሪዋለሽ።

እንግዲህ አንቺን በተመለከተ እንዲህ አድርጊ። በዚህ ሳምንት ያለሽን ነሐስ ሳትነኪ ከፍታውንና ብሎኖቹን አስተካክዪ። የቢው ሙከራ ከተቀራረበልሽ ነሐሱን ይዘሽ ቆዪ፣ ቀን የምታስተምሪበት ድምፅ አይጎድልብሽም። ሁለተኛውን ክር ብሎን አውጥተሽም ካልተቀራረበ፣ ወይም ወፍራሞቹ አሁንም ከሰመጡ፣ ዋይት ብሮንዝ ወይም ዜብራ ፈልጊ፤ ካጣሽ 12–52 የጃዝ ክር ከነተጠመጠመው ሦስተኛ ግጠሚ። ከገጠምሽ በኋላ ያወጣሽውን የሁለተኛውን ብሎን መልሰሽ ወደ መሐል አምጪውና ሙከራውን ከመጀመሪያው ጀምሪ፤ ለነሐስ ያስተካከልሽው ለኒኬል አይሆንም። አዲሱን ክር ከወጠርሽ ሁለት ሦስት ቀን ስጪውና የፒክአፑን ርቀት እንደገና ለኪው፣ አንገቱ በአዲሱ ውጥረት እስኪረጋ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። በበጋ ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ ፊቱ ዝቅ ስለሚል ክሮቹም ወደ ፍሬቶቹና ወደ ፒክአፑ ይጠጋሉ፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ከተናጋብሽ ክር ከመግዛትሽ በፊት ያን 2 እና 3 ሚሊሜትር ለኪ።